ትንሿ ሃምሳ

የመጀመሪያ ካሜራውን ሊገዛ ሱቅ የሚገባ ወጣት ሁሉ አስቀድሞ የሚያነሳት ጥያቄ አንድ ናት፦ «ስንት ሜጋ ፒክስል ነው?» ሻጩ ቁጥር ይጠራል፣ ልጁ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሁለቱም የተግባቡ ይመስላቸዋል። እኔ ሠርግና ጥምቀት ሳነሳ ዕድሜዬን የገፋሁ ሰው ነኝ፤ በዚህ የተነሳ የሰፈር ልጆች «ጋሼ፣ አብረኸኝ ትሄድልኛለህ?» እያሉ ይወስዱኛል። እሄዳለሁ፤ ግን ያቺን ጥያቄ ላይጠይቁ በር ላይ ቃል አስገባቸዋለሁ።

ነገሩን በቁጥር ልጨርሰው። ኤፎር ወረቀት ላይ ጥርት ያለ ፎቶ ለማተም 9 ሜጋ ፒክስል ገደማ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ካኖን 1100ዲ፣ ያውም የጀማሪ ካሜራ ሆኖ፣ 12 ነበረው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ዕቃ፣ አረጀ የሚባለው ሳይቀር፣ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ አለው። ፎቶዎቻችሁም በአብዛኛው የሚታዩት መዳፍ በምታክል የስልክ ስክሪን ላይ ነው። በቃ።

ስለ ካሜራው ራሱም ብዙ አልልም። ዲኤስኤልአር ማለት በሌንሱ የገባው ብርሃን በመስታወት ተንጸባርቆ ዓይናችን ዘንድ የሚደርስበት፣ ቁልፉን ስንጫን መስታወቱ «ቻክ» ብሎ ተነስቶ ብርሃኑን ምስሉን ለሚቀርጸው ሴንሰር የሚለቅበት ማሽን ነው። ኩባንያዎቹ ፊታቸውን መስታወት ወደሌላቸው ካሜራዎች ስላዞሩ ያገለገሉ ዲኤስኤልአሮች ገበያ ላይ ሞልተዋል፤ ለጀማሪ ሲሳይ ነው። ካኖን ይሻላል ኒኮን ለሚለው ክርክር መልሴ አጭር ነው፤ ጓደኛችሁ የያዘውን ግዙ። የአንዱ ሌንስ ለሌላው አይገጥምም፣ መዋዋስ የምትችሉት ከእሱ ጋር ብቻ ነው። ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ በቦዲው፣ ማለትም በካሜራው በራሱ፣ ስንት ፎቶ እንደተነሳበት ጠይቁ፤ ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅንታችሁ ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ አለመኖሩን እዩ። ከዚያ የተረፈውን ብር ለእሷ አስቀምጡ።

እሷ ማለት ሃምሳ ሚሊ ሜትሯ፣ ባለ 1.8ቷ ሌንስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣችው የካኖኗ ሃምሳ 130 ግራም ብቻ ትመዝናለች፤ በ2015 የተካቻት ደግሞ 160። ሰውነቷ ፕላስቲክ ነው፤ እጅ ላይ ስትውል የልጅ መጫወቻ ትመስላለች። የአሮጊቷ ሞተር ፎከስ ሲፈልግ ድምፁ ከወዲያ ማዶ ይሰማል። ዙም የላትም። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያት ስቄባታለሁ።

የሳቅሁባት አንድ ክርስትና ላይ ነው። ሰው ግጥም ብሎ በሞላበት ሳሎን መብራት ጠፋና ሻማ ተለኮሰ። ከካሜራው ጋር አብሮ በመጣው ከ18 እስከ 55 ሌንስ አነሳሁ፤ ሰዎቹ ሁሉ ጭስ መሰሉ። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ከኪሱ አወጣና «ይቺን ሞክር» አለኝ። አያትየው ሕፃኑን ታቅፈው፣ የሻማው ብርሃን ጉንጫቸው ላይ፣ የሽበታቸው ክር ሳይቀር ተለይቶ ወጣ። ያቺን ሌንስ ለጓደኛዬ የመለስኩለት ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ምሥጢሯ ቁጥሯ ላይ ነው፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከልባት ቁጥር። «1.8 ከ5.6 ያንሳል፣ ታዲያ በምን ትበልጣለች?» ይሉኛል። ቁጥሩ ማካፈያ ስለሆነ ነው! አንድን እንጀራ ለሁለት ሰው ብታካፍሉና ለስድስት ሰው ብታካፍሉ የማን ድርሻ ይበልጣል? ሌንስም እንዲሁ ነው። ሃምሳን ለ1.8 አካፍሉ፤ ወደ 28 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ቀዳዳ ታገኛላችሁ፤ የአንድ ብር ሳንቲም ያህል ማለት ነው። ያንኑ ሃምሳ ለ5.6 አካፍሉ፤ 9 ሚሊ ሜትር፤ ከሸሚዝ ቁልፍ የማይበልጥ። አብሮ የሚሸጠው ሌንስ ወደ ሃምሳ ሲሳብ የሚከፍተው በዚያች ቁልፍ ልክ ነው። ሁለቱን ክቦች ጎን ለጎን ሣሉና ስፋታቸውን አስሉ፤ ሃምሳዋ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ታስገባለች።

አሥር እጥፍ ብርሃን ቤት ውስጥ ምን ያደርጋል? ሌላው ሌንስ የሴኮንድ አንድ አሥረኛ ያህል ክፍት ሆኖ መጠበቅ ሲኖርበት፣ ለእሷ አንድ መቶኛ ይበቃታል። በአንድ አሥረኛ ጊዜ ቡና የምትቀዳው እናት እጇ ይንቀሳቀሳል፤ የእናንተም እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ፎቶው ይደበዝዛል። በአንድ መቶኛ ግን ከጀበናው የሚወርደው ቡና ራሱ መስመር ይዞ ይታያል። የእኛ ቤት መስኮቱ አንድ፣ አምፖሉም አንድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን በጧፍ የሚበራ ነው። በቅዳሴ መሃል ያንን ከካሜራው አናት የሚወጣ ፍላሽ ካህን ዓይን ላይ የምታበሩ ልጆች፣ ብትተዉት ምናለ? ሌንሷ ያለ ፍላሽ ታየዋለች።

እንከን የላትም አላልኩም። የጀማሪ ካሜራ ሴንሰር አነስ ያለ ስለሆነ ሃምሳዋ የምታሳየው ስፋት በትልቁ ሴንሰር 80 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ሌንስ የሚያሳየውን ያህል ነው። ለአንድ ሰው ፊት ግሩም ናት፤ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ግን ቤተሰቡን በሙሉ ላንሳ ብትሉ ጀርባችሁ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል። ለዚህ ኒኮን ባለ 1.8 የሆነች 35፣ ካኖን ደግሞ እንደ ቂጣ የሳሳች 24 አላቸው። ሌላው፣ 1.8 ላይ ፎከሱ እንደ ክር ቀጭን ነው። ሦስት ሚዜዎችን አቁሞ በ1.8 የሚያነሳ ሰው አንዱን ሚዜ ብቻ ያገኛል፤ ሁለቱ ይጣሉታል። ለቡድን ቀዳዳውን ወደ 5.6 አጥብቡት።

ኒኮን ለምትገዙ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የ3000 እና የ5000 ቤተሰብ ካሜራዎች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የለም። «ኤኤፍ» ብቻ የተጻፈባት የቀድሞዋ ሃምሳ ትገጥማለች፣ ፎቶም ታነሳለች፣ ፎከሱን ግን በእጅ ማዞር አለባችሁ። «ኤኤፍ-ኤስ» የሚለውን ፈልጉ። የካኖን ኢኤፍ ሌንሶች እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ሞተሩን በራሳቸው ይዘው ስለሚመጡ ይህ ጣጣ የለባቸውም።

የትኛውንም ካሜራ ብትይዙ ደግሞ ነጭ ልብስ ያታልለዋል። የብርሃን መለኪያው ዓለም ሁሉ ግራጫ ይመስለዋል፤ ጥምቀት ላይ በነጠላ የተሞላ ሜዳ ሲያይ «በዛ!» ብሎ ያጨልመዋል፤ ነጠላው ዓመድ፣ የሰዉ ፊት ከሰል ይሆናል። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ፈልጉና ወደ መደመር አንድ ግድም ጨምሩ። ይህችን ሳያውቁ ካሜራው ተበላሽቷል ብለው የሸጡ ሰዎች አውቃለሁ።

ነጠላን ካነሳን አይቀር፣ ሌንስ በነጠላ ጫፍ አይጠረግም። በሸሚዝም አይጠረግም። አስቀድማችሁ አቧራውን በእጅ ፓምፕ አራግፉ፣ ከዚያ ለሌንስ በተሠራ ለስላሳ ጨርቅ። ሌንስ ስትቀይሩም ንፋስ ባለበት አደባባይ የካሜራውን አፍ ወደ ሰማይ ከፍታችሁ አትቁሙ፤ ወደ መሬት ድፉት።

ባለፈው ወር አንዲት የጎረቤቴ ልጅ 12 ሜጋ ፒክስል ያለው ያገለገለ ቦዲና ሃምሳዋን ገዛች። የመጀመሪያ ፎቶዋ አያቷ ከሰል ሲያራግቡ ነው፤ 30 በ45 አሳትማ ሳሎን ሰቅላዋለች፤ ሄጄ አየሁት፣ ቅናት ቢጤ ተሰማኝ።

የእኔዋን ሃምሳ ለፋሲካ ተውሰህ የሄድከው ልጅ፣ ይህን ካነበብክ እባክህ መልስልኝ፤ ከነክዳኗ።