ዶርዜና ዲታ

ዶርዜና ዲታ በጋሞ ዞን ደጋ ላይ የሚገኙ ሁለት ደሬዎች ናቸው። ደሬ በጋሞኛ አገር ማለት ነው፤ ወሰኑ የታወቀ፣ የራሱ ካዎ፣ የራሱ ዱቡሻና የራሱ ዎጋ ያለው ትንሽ አገር። ካዎ በዘር የሚወርስ መሪ ነው፣ ዱቡሻ ሕዝብ ተሰብስቦ የሚመክርበት ሜዳ ነው፣ ዎጋ ደግሞ ወግና ሕግ ነው። ጋሞ በተለምዶ 42 ደሬ አለው ይባላል። ከነዚህ ሁሉ ስሙ አገር ያዳረሰው ዶርዜ ነው፤ ዲታን ከአርባ ምንጭ ወዲያ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። የሁለቱም ሕዝብ ቋንቋው ጋሞኛ፣ ጓሮው እንሰት ነው። ኑሮው የቆመበት ምሰሶ ግን ይለያያል፤ ዶርዜ የሸማኔ አገር ሆነ፣ ዲታ የገበሬ አገር ሆኖ ቆየ።

አርባ ምንጭ ከዓባያና ከጫሞ ሐይቆች አጠገብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ ወደ ጨንቻ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ 2,700 ሜትር ገደማ ያደርሳል። ቆላው ሙዝና ማንጎ፣ ቀድሞም ጥጥ የሚያበቅል ሙቅ ምድር ነው። ደጋው ብርዳማ ነው፤ ገብስ፣ እንሰትና ቀርከሃ፣ ከሚሲዮናውያን ወዲህ ደግሞ ፖም ያበቅላል። ዶርዜ በዚሁ መንገድ ላይ፣ ከጨንቻ ከተማ በታች ይገኛል። ዲታ ከጨንቻ በስተ ምዕራብ፣ 4,200 ሜትር ገደማ ወደሚደርሰው ወደ ጉጌ ተራራ ይጠጋል። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ጥጥ በደጋው አይበቅልም፤ የዶርዜ ሽመና የተገነባው ከቆላ ተገዝቶ በሚወጣ ጥጥ ነው። ጥጡ ሽቅብ ይወጣ፣ ሸማው ቁልቁል ይወርድ፣ በመካከሉ ገበያ ይቆም ነበር። ስለዚህ ዶርዜን ብቻውን፣ ከጎረቤቶቹ ነጥሎ ለማስረዳት የሚሞክር ጽሑፍ ከመጀመሪያው ይስታል።

እንሰት የሁለቱም ማገር ነው። ሴቶች ይፍቁታል፣ በጉድጓድ ያብላሉታል፣ ቆጮና ቡላ ያወጡበታል። በዲታ ከእንሰቱ በላይ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ድንች ይዘራል። የደጋ መሬት ያለ ፍግ አይሰጥም፤ ፍጉን በጀርባዋ ተሸክማ ወደ ማሳ የምታደርሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሴቷ ናት። በዲታ የቤተሰብ ጉልበት ሁሉ ከማሳው ጋር የተሳሰረ ነው፤ ሰው ሲጎድል እርሻው ይጎድላል። በዶርዜ መሬቱ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ ነው፤ ማሳው ከቤት ዙሪያ ካለው እንሰት ብዙም አያልፍም። ወንዱ ከማሳው ይልቅ ሸማ መሥሪያው ላይ ይውላል፣ ጎድሎ የሚታየው እህልም በሸማ ገንዘብ ከገበያ ይገዛል።

አሜሪካዊቷ የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ ጁዲት ኦልምስቴድ ይህን ልዩነት በሴቶች ሥራ በኩል አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣችው ጥናት ርዕሱ የገበሬ ሚስትንና የሸማኔ ሚስትን ጎን ለጎን ያቆማል፤ ያነጻጸረችውም ዲታንና ዶርዜን ነው። ጥናቷ ከሚገባው በታች የተነበበ ነው። ስለ ዶርዜ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የዝሆን ፊት የሚመስለውን፣ ምስጥ ከሥር ሲበላው ዓመት በዓመት የሚያጥረውን የቀርከሃ ቤት ሳያደንቅ አያልፍም፤ በዚያ ቤት ውስጥ ተቀምጣ የምትፈትለውን ሴት የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው።

ሸማ ከሸማኔው እጅ ከመድረሱ በፊት ያለው ሥራ የሴት ነው። ጥጡ ይዳመጣል፣ ፍሬው ይወጣል፤ ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፤ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። ፈታይዋ በአንድ እጇ ባዘቶውን ከፍ አድርጋ ትይዛለች፣ በሌላው እንዝርቱን ታሾራለች፤ ክሩ እየረዘመ ሲሄድ ውፍረቱን የሚቆጣጠሩት ጣቶቿ ብቻ ናቸው። ሸማኔው ድሩን ካደራ በኋላ በቆፈረው ጉድጓድ አፍ ላይ ይቀመጣል፤ እግሮቹ ጉድጓዱ ውስጥ መርገጫውን ይረግጣሉ፣ እጆቹ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያቀባብላሉ። አንድ ወንድ ሸማኔ በሥራ እንዲውል ከአንዲት በላይ ፈታይ ያስፈልጋል፤ የእንዝርት ሥራ ከመወርወሪያ ይልቅ ብዙ ሰዓት ይበላልና። ጋቢን ያህል በአራት ድርብ የሚሠራ ልብስ የለበሰ ሰው የለበሰው በአብዛኛው የሴት ጊዜ ነው። ገዢው ግን ዋጋ ሲከራከር የሚያስበው የሸማኔውን የቀናት ድካም ብቻ ነው፣ እሱንም ካሰበ።

ስለ ዶርዜ ከሚነገሩት ስህተቶች ሁሉ ሥር የሰደደው የሸማኔውን ማዕረግ የሚመለከተው ነው። በሰሜኑና በመሐል አገር ሸማኔ ከፋቂ፣ ከቀጥቃጭና ከሸክላ ሠሪ ጋር ተደምሮ ሲናቅ ኖሯል፤ «ቁጢት በጣሽ» የሚለው ስድብ ለእርሱ የወጣ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ንቀቱ ምን ያህል እንደነበረ ያሳያል። ከዚያ አካባቢ የመጣ ሰው ዶርዜን ሲያይ ያንኑ ዓይን ይዞ ይሄዳል፤ ሸማኔ ስለሆነ የተናቀ፣ ስለተናቀ ሸማኔ የሆነ ሕዝብ አድርጎ ያስበዋል። በጋሞ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም።

በጋሞ ደጋ ሸማኔው ማላ ነው። ማላ ማለት የደሬው ሙሉ አባል ነው፤ መሬት ይይዛል፣ በዱቡሻ ይቀመጣል፣ ይናገራል፣ ይመረጣል። የዲታ ገበሬ ማላ እንደሆነ ሁሉ የዶርዜ ሸማኔም ማላ ነው፤ በመካከላቸው የሥራ እንጂ የደረጃ ልዩነት የለም። ከማላ ውጭ እንዲቆሙ የተደረጉት ሸክላ ሠሪዎቹ ማናዎች እና ቆዳ ፋቂና ቀጥቃጭ የሆኑት ደጋላዎች ናቸው። እነዚህ ስሞች ዛሬ እንደ ስድብ ስለሚሰሙ እንዲሁ በአፍ ሊወረወሩ አይገባም፤ ሥርዓቱን ለማስረዳት ግን ሳይጠሩ አይታለፉም። ማላ ከእነሱ ጋር አይጋባም ነበር፤ መሬት አልነበራቸውም፤ በዱቡሻም ቦታ አልነበራቸውም። ያለ እነሱ ግን ደሬው ሥርዓቱን አይፈጽምም። ግርዛትን የመሰለውን ሥራ የሚፈጽሙት፣ መልእክት የሚያደርሱት ደጋላዎች ነበሩ። ቆዳ ፋቂው የሚሠራበት መሣሪያም በዓለም ላይ ጥቂት ቦታ ብቻ የቀረ ነው፤ ከባልጩት ጠርቦ ያወጣውን ስለታም ድንጋይ በእንጨት እጀታ ላይ በሙጫ አጣብቆ ቆዳውን ይፍቅበታል፣ ሲደንዝ በትንሹ እየቀነጠበ ይስለዋል። የሥነ ቁፋሮ ተመራማሪዎች የጥንቱ ሰው ድንጋዩን እንዴት ይይዝ እንደነበር ለማወቅ ወደ ጋሞ ፋቂዎች ቤት የመጡት ለዚህ ነው።

ሸማኔው ከዚህ ንቀት ለምን ዳነ? ቆዳ መፋቅና ሸክላ መሥራት በጋሞ የትውልድ ሥራ ናቸው፤ ከዚያ ቤት የተወለደ ይሠራቸዋል፣ ከዚያ ውጭ የተወለደ አይነካቸውም። ሽመና ግን መሬት ያለው ማላ በገበሬነቱ ላይ የጨመረው ሙያ ነው። ሸማኔው ከሸማ መሥሪያው ሲነሳ እንሰቱ አለ፣ ዘመዱ አለ፣ የአባቱ ቦታ በዱቡሻ አለ። እንግዲህ «በጋሞ የእጅ ባለሙያ ይናቃል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ስህተት ነው፤ የተሳሳተው ግማሽ ደግሞ ዶርዜን የሚመለከተው ነው።

ሽመና በራሱ ዝቅተኛም ከፍተኛም እንዳልሆነ ሌላ አገር ሄዶ ማየት ይቻላል። በጋና በአሻንቲ ምድር የቦንዊሬ ሸማኔዎች ኬንቴ የተባለውን ልብስ ጠባብ ጠባብ አድርገው ይሠሩትና ጎን ለጎን ይሰፉታል። እዚያም እንደ ዶርዜ ሸማኔው ወንድ ነው፤ ሙያው ግን በንጉሥ ጥላ ሥር ያደገ ነበርና ክብሩ ከቤተ መንግሥት ይመጣል። ዩኔስኮ ኬንቴን እ.ኤ.አ. በ2024 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ በሚኖሩት በጺምሺያኖች ዘንድ ደግሞ የአለቆች ካባ የሚሠራው ከተራራ ፍየል ጸጉርና ከዝግባ ልጥ ነው። ንድፉን ወንድ በሰሌዳ ላይ ይሥላል፣ ሸማኔዋ ግን ሴት ናት። የሸማኔን ማዕረግ የሚወስነው መወርወሪያው ሳይሆን ሸማኔው ከመቀመጡ በፊት በማኅበረሰቡ ውስጥ የነበረው ቦታ ነው።

ጺምሺያኖች ከጋሞ ጋር የሚመሳሰሉበት ሌላ ነገር አለ፤ ድግሱ። የጺምሺያን አለቃ በሳልሞን ዓሣና በንግድ ባካበተው ሀብት እንግዶች ጠርቶ ይመግባል፣ ሀብቱንም ያከፋፍላቸዋል፤ በዚህም ስሙን በሕዝብ ፊት ያጸናል። ፖትላች የሚባለው ይህ ነው። የካናዳ መንግሥት ሀብት ማባከን አድርጎ ስላየው እ.ኤ.አ. ከ1885 ጀምሮ በሕግ ከለከለው፤ ክልከላው የተነሳው በ1951 ነው። በጋሞ ይህን የሚመስለው የሀላቃ ሹመት ነው። ዱቡሻ የመረጠው ሰው ሀላቃ ለመሆን ለደሬው ይደግሳል፤ እህሉ፣ ቅቤው፣ ሥጋው፣ መጠጡ ከእርሱና ከዘመዶቹ ይወጣል። ድግሱ ሲያልቅ ቅቤ በራሱ ላይ ተደርጎ፣ የሰጎን ላባ ሰክቶ፣ በትር ይዞ በገበያ ይታያል። ሀብቱ ጎድሏል፣ ስሙ ግን ሞልቷል። በጺምሺያኖች ስሙ በእናት ወገን ይወረሳል፤ የጋሞ ሀላቃነት ግን ለማንኛውም አቅም ላለው ማላ ክፍት ነው፤ ለሸክላ ሠሪና ለፋቂ ግን አይደለም። በሌላ በኩል መሥዋዕት ማቅረብ የዘር ነገር ነው፤ በኩሩ ሳያቀርብ ታናሹ አያቀርብም። የደሬው ሥርዓት የሚቆመው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው፤ በልደት በሚገኘው ቦታና በድግስ በሚገዛው።

የዲታ ገበሬ ለሀላቃነት የሚያወጣው ሀብት ከማሳውና ከከብቱ ነው፤ ዓመት ቆጥሮ የሚጠራቀም ነው። የሸማኔው ግን ጥሬ ገንዘብ ነው። የብሪታንያዋ አንትሮፖሎጂስት ዲና ፍሪማን በዶርዜ ጎረቤት በዶኮ ያጠናችው ይህን ነው፤ የሽመናና የንግድ ገንዘብ ሲገባ የሹመቱ ድግስ ሥርዓት ተለወጠ፣ የመሥዋዕቱ ሥርዓት ግን ሳይለወጥ ቆየ። ፕሮቴስታንት የሆኑ ብዙዎች ደግሞ ድግሱን ጨርሰው ትተውታል፤ ገንዘባቸውን ለፖም ችግኝና ለንግድ ያውሉታል።

ሸማኔው ከደሬው የወጣው የምኒልክ ጦር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጋሞን ደጋ ከያዘ በኋላ ነው። በአዲስ አበባ በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ሰፈረ፤ የከተማው ነጠላና ጋቢ ከእጁ ወጣ። ከተማውም ስሙን ቀማው። ከዶኮ የመጣው፣ ከጨንቻ የመጣው፣ ከኤዞ የመጣው ሁሉ ሽሮ ሜዳ ሲደርስ «ዶርዜ» ይባላል፤ ባለሱቁም ገዢውም አይጠይቁም። ሰውን በጎረቤቱ ስም መጥራት ቀላል ስህተት አይደለም፤ ስሙም መታረም አለበት። ከዚሁ ጋር የሚነሳው ሕፃናትን ከደጋው «እናስተምራቸዋለን» ብሎ አምጥቶ በሸማ ጉድጓድ ላይ ማዋል ነው፤ ይህ ለዓመታት የቀጠለ በደል ነው፣ ሸማውን ርካሽ ያደረገው የልጆቹ ጉልበት እንደሆነም ገዢ ሊያውቅ ይገባል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በተፈጸመው ጥቃት የጋሞ ተወላጆች ተገድለዋል፣ ተፈናቅለዋል፣ ከመካከላቸውም ሸማኔዎች ነበሩበት፤ በአርባ ምንጭ የተቆጣው ወጣት ለብቀላ ሲነሳ የጋሞ አባቶች ለምለም ሣር ይዘው በፊቱ ተንበረከኩ። ወጣቱም ተመለሰ።

በመስቀል ሸማኔው ከከተማ ወደ ደሬው ይመለሳል። ዮ ማስቃላ የሚባለው በዓል ሲደርስ ሙሽሮችና አዲስ ሀላቆች ሶፌ ለሚባለው ሰልፍ ይወጣሉ፣ በገበያው ይዞራሉ፤ በዶርዜ የሚታየው ዱንጉዛ፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩ ሱሪ፣ በዲታም ይለበሳል። ገበያ የሁለቱንም ደሬ ሰው የሚያገናኝ ነው፤ ገብሱና ድንቹ በአንድ በኩል፣ ሸማው በሌላ በኩል ይቀመጣል።

ዛሬ ድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው፤ በእጅ የሚፈተለው ማጉ ብቻ ነው፣ በብዙ ቤት እሱም ቀርቷል። በቆላውም ሙዝ የጥጡን ቦታ ወስዷል። ሸማኔው ክሩን ከሱቅ ሲገዛ ሥራው ይፈጥንለታል፤ የሚስቱ እንዝርት ግን ሥራ ፈታ፣ ከእንዝርቱ ታገኝ የነበረውም ገንዘብ ቀረባት። የዲታዋ ገበሬ ሚስት ፍጉን እስከ ዛሬ ትሸከማለች።