ፈረንሳይ ያለው ተማሪያችሁ ዛሬ እንዴት ዋለ?



ከአጥቢያችን አንድ ወንድም ወይም አንዲት እህት ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ ምን ማድረግ እንዳለብን እናውቃለን። ጉባኤው ፊት አቁመን እንጸልይላቸዋለን፤ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ በእንባ እንሸኛቸዋለን። ከዚያስ በኋላ? በመጀመሪያው ወር በየቀኑ ይደወላል። በሦስተኛው ወር በሳምንት አንድ ጊዜ ይሆናል። «እንዴት ነህ?» «ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን።» «ትምህርትስ?» «ጥሩ ነው።» ወሬው እዚህ ላይ ያልቃል። ብዙ ትዳር፣ ብዙ እጮኝነት፣ ብዙ የወላጅና የልጅ ፍቅር የሚቀዘቅዘው በትልቅ ጠብ አይደለም። በዚህች አጭር «ደህና ነኝ» ውስጥ ነው።

እንግዲህ ምን ብለን እንጠይቅ? ስለ ሰው ውሎ በደንብ ለመጠየቅ ውሎውን ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ አገር እንውሰድ፤ ፈረንሳይን። በአዲስ አበባ አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ ከ1907፣ ሊሴ ገብረ ማርያም ደግሞ ከ1947 ጀምሮ የፈረንሳይን ቋንቋ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ወደዚያ ለትምህርት የሚሄዱ ልጆቻችንም አሉ። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቱ ግን እንደ እኛ አቆጣጠር ነው።)

ጠዋት፦ ጨለማውና ሰላምታው

በታኅሣሥ ወር ፓሪስ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። 11 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ተማሪው በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይገባል። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ለለመደ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «ድካም ድካም ይለኛል፣ መጸለይ አቃተኝ» ቢላችሁ «መንፈሳዊ ሕይወትህ ቀዝቅዟል» ለማለት አትቸኩሉ። ኤልያስ ተስፋ ቆርጦ በተኛ ጊዜ እግዚአብሔር በመጀመሪያ የላከለት ተግሣጽ አልነበረም፤ እንጎቻና ውኃ ነበረ (1ኛ ነገ. 19)።

ብዙ ተማሪዎች በመንግሥት የተማሪዎች መኖሪያ ያድራሉ። የተለመደው ክፍል 9 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ አልጋ፣ ጠረጴዛና መደርደሪያ ይይዛል። እኛ አገር ዶርም ውስጥ አራትና ስድስት ሆኖ ያደገ ልጅ እዚያ ብቻውን ነው። ሲያመው «ምን ሆንክ?» የሚል የለም። ሲነሣ «ደህና አደርክ?» የሚልም የለም።

ይሁን እንጂ ፈረንሳዮች ሰላምታ የማያውቁ ሰዎች አይምሰሏችሁ። ዳቦ ቤት ሲገቡ «ቦንዡር» ሳይሉ ማዘዝ ትልቅ ነውር ነው። ለማያውቁት ወይም ለሚያከብሩት ሰው «ቩ» ይላሉ፤ ለወዳጅ «ቱ»። የእኛ «እርስዎ» እና «አንተ» ማለት ነው። ጓደኛሞች ሲገናኙም ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማሉ። አንቺ እህቴ፣ ባልሽ ከክፍሉ ልጆች ጋር እንዲህ ሲሳሳም ፎቶ ላይ ብታዪ ከመደንገጥሽ በፊት ጠይቂው። እኛም ዘመድ ስናገኝ የምናደርገው ነው።

ትምህርቱ፦ ከ20 ስንት?

የመጀመሪያ ዲግሪ 3 ዓመት፣ ማስተርስ ደግሞ 2 ዓመት ይፈጃል። ትምህርቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በትልቅ አዳራሽ የሚሰጥ ሌክቸር ሲሆን መምህሩ ይናገራል፣ ተማሪው ይጽፋል። ሁለተኛው በትናንሽ ቡድን ሆኖ ጥያቄ የሚሠራበት ነው። አዲስ አበባ ሆኖ ፈረንሳይኛ ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ በፍጥነት የሚናገር ፕሮፌሰር እየተከተሉ ማስታወሻ መያዝ ሌላ ነው።

ወላጆች ይህን ልብ በሉ። ውጤት የሚሰጠው ከ20 ነው፤ ማለፊያው 10 ነው። 12 ያገኘ ተማሪ «ደህና»፣ 14 ያገኘ «ጥሩ»፣ 16 ያገኘ «እጅግ ጥሩ» ይባላል። 20 ማለት ይቅርና 18 ማግኘት እንኳ በብዙ የትምህርት ዘርፎች ብርቅ ነው። በአገሩ አንደኛ ይወጣ የነበረ ልጅ 11 አግኝቶ ሲያለቅስ፣ እናንተም «ከ20 ዐሥራ አንድ? ምን ነካህ?» ብትሉት ቁስሉን ታሰፉታላችሁ። 11 አልፏል ማለት ነው። «ጌታ ይመስገን፣ አለፍክ!» በሉት።

ማዕዱ

ምሳ ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ተማሪዎች «ሬስቶ ዩ» በሚሉት የዩኒቨርሲቲ ካፌ በመንግሥት ድጎማ በርካሽ ይበላሉ፤ ከ2020 ጀምሮም በቤተሰብ ገቢ ላይ የተመሠረተ የመንግሥት ድጋፍ ለሚያገኙ ተማሪዎች ዋጋው 1 ዩሮ ሆኗል። ትሪውን ይዘው ይሰለፋሉ፤ መክፈቻ፣ ዋና ምግብ፣ ማጣጣሚያና ዳቦ ይወስዳሉ። ባጌት የሚባለው ረጅም ዳቦ አሠራሩ በ2022 በዩኔስኮ ቅርስነት ተመዝግቧል። ዳቦው ግሩም ነው። ነገር ግን ማንም ማንንም አያጎርስም።

ጓደኛው ቤት ለእራት ሲጠራ ደግሞ ወይን ጠጅ ማዕድ ላይ ይቀርባል። በአማኞች ቤት እንኳ ሊቀርብ ይችላል። ለእኛ ይህ የሚከብድ ጉዳይ ነው። ተማሪው አስቀድሞ አስቦ መልሱን ቢያዘጋጅ ይጠቅመዋል። «አመሰግናለሁ፣ እኔ አልጠጣም፤ ውኃ ይበቃኛል» ማለት ማንንም አያስቀይምም። ዳንኤል በንጉሡ ማዕድ ላለመርከስ ቢቈርጥም፣ ሹሙን የጠየቀው በትሕትና ነበር (ዳን. 1)። በሌላ በኩል ያቀረበለትን አማኝ «ዓለማዊ» ብሎ ከመፍረድ ይጠበቅ።

እሴይ ዳዊትን ወደ ጦር ሰፈር የላከው የወንድሞቹን ደኅንነት እንዲጠይቅ ነው። ባዶ እጁን አልሰደደውም፤ የተጠበሰ እሸት፣ እንጀራና አይብ አስያዘው (1ኛ ሳሙ. 17)። እናንተም ሰው ስታገኙ ሽሮ፣ በርበሬና ዳቦ ቆሎ ላኩ። ቅቤና ቋንጣ ግን አትላኩ። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ የሥጋና የወተት ውጤቶች በሻንጣው ይዞ እንዳይገባ ከልክሏል፤ የላካችሁትም ሰው ይቸገራል።

ገንዘቡ

«ፈረንሳይ ሄዶ እንዴት ገንዘብ አይልክም?» የሚለው ቃል ስንቱን ተማሪ አሳዝኗል! ሕጉ እንዲህ ነው፤ በተማሪ ቪዛ የገባ የውጭ አገር ሰው በዓመት እስከ 964 ሰዓት መሥራት ይፈቀድለታል። ይህም በሳምንት ሲካፈል 18 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የሚገኘው ሥራ ሕፃን መጠበቅ፣ ምግብ ቤት ማስተናገድ ወይም ሱፐርማርኬት ዕቃ መደርደር ነው። ከዚህ የቤት ኪራይ፣ ትራንስፖርትና ምግብ ይወጣል። ከ2019 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ አዲስ ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ከፍ ብሏል፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ከጭማሪው ነጻ ያደርጋሉ። እንግዲህ ከመጠየቃችሁ በፊት አስቡ። ባልና ሚስት ደግሞ ቁጥሩን በግልጽ ይነጋገሩ። ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ምን ቀረ? በገንዘብ ላይ የተደበቀ ነገር ነገ በሌላውም ላይ ጥርጣሬ ይወልዳል።

እምነቱ፦ የማይጠየቀው ጥያቄ

ፈረንሳይ በ1905 በወጣ ሕግ መንግሥትንና ሃይማኖትን የለየች አገር ናት። በ2004 የወጣው ሕግ ጎልተው የሚታዩ የሃይማኖት ምልክቶችን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይከለክላል፤ ይህ ግን እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያሉትን እንጂ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አይመለከትም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እምነቱን መግለጽ ይችላል። ችግሩ ሕጉ ሳይሆን ልማዱ ነው። ሃይማኖት የግል ጉዳይ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ «የት ታመልካለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። ጸሎት ብትተው የሚታዘብህ የለም፤ ብትጸልይም የሚያበረታታህ የለም። ብዙዎችን የሚያቀዘቅዘው ስደት አይደለም፤ ይህ ዝምታ ነው።

ነገር ግን ይህች አገር የጸሎት ታሪክ የሌላት አይደለችም። ካልቪን በ1509 ኖዮን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወልዶ፣ በፓሪስ፣ በኦርሌዓንና በቡርዥ የተማረ ተማሪ ነበረ። በ1598 የናንት አዋጅ ለፕሮቴስታንቶች መብት ሰጠ፤ በ1685 ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ሻረው። ከዚያ በኋላ በነበረው ስደት ማሪ ዱራን የተባለች ወጣት በ1730 በደቡብ ፈረንሳይ ኤግ-ሞርት በሚገኝ ግንብ ታስራ እስከ 1768 ድረስ፣ 38 ዓመት በዚያ ቆየች። እምነቷን ብትክድ ትፈታ ነበር፤ አልካደችም። በግንቡ ድንጋይ ላይ «ጽኑ፣ ተቋቋሙ» የሚል ትርጉም ያለው አንድ ቃል ተቀርጾ ይታያል፤ የእርሷ እጅ ጽሑፍ እንደሆነ ይነገራል። ከእስር ቤትም ደብዳቤ ትጽፍ ነበር። ጽናቷ በጩኸት ሳይሆን በየዕለቱ ኑሮ የተገለጠ ነበር።

ዛሬም በፈረንሳይ ዩኒቨርሲቲዎች «ዤ ቤ ዩ» በሚል አጭር ስም የሚታወቁ የተማሪዎች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድኖች አሉ። እነርሱም የእኛው ኢቫሱ በሚገኝበት ዓለም አቀፍ የወንጌላውያን ተማሪዎች ኅብረት ውስጥ ናቸው። ጥቂት ሆነው አንድ ክፍል ይዘው ወንጌልን ያነባሉ፤ የማያምን ጓደኛም ይጋብዛሉ። በካምፓስ ፌሎሺፕ ያደገ ልጅ እዚያ ወንድሞችን ያገኛል። ተማሪያችሁ ከመሄዱ በፊት ይህን ንገሩት።

እሑድ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ብዙ ሱቆች ዝግ ናቸው። መንገዱ ጭር ይላል። ናፍቆት የሚበረታው ያን ጊዜ ነው። ፕሮቴስታንቶች በአገሩ ጥቂት ስለሆኑ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ባቡር መያዝ ሊያስፈልግ ይችላል። አምልኮው ጸጥ ያለ፣ እልልታ የሌለበት ሊሆን ይችላል። ተማሪው «መንፈስ የለም» ብሎ ክፍሉ ተቀምጦ የአገር ቤት ስብከት በስልክ ወደ ማየት ያዘነብላል። ይህ አደገኛ ነው። ስልክ ስብከት ያሰማል እንጂ ሲያምም አይጠይቅም። ኤርምያስ በባቢሎን ላሉ ምርኮኞች በላከው ደብዳቤ ቤት ሠርተው እንዲቀመጡ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ለሚኖሩባትም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ነገራቸው (ኤር. 29)። ሻንጣውን ሳይፈታ የሚኖር ተማሪ እዚያም የለም፣ እዚህም የለም። በአንድ አጥቢያ ይታቀፍ፣ ወንበር ማስተካከልም ቢሆን ያገልግል።

ባልና ሚስት ሆይ!

በክረምታቸው ወራት አዲስ አበባ ከፓሪስ በ2 ሰዓት ትቀድማለች፤ በበጋቸው በ1 ሰዓት። እዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ ገና 1 ሰዓት ነው። አንቺ ልጆቹን አስተኝተሽ ስትደክሚ እርሱ ገና ከቤተ መጻሕፍት እየወጣ ነው። ስለዚህ፦

አንደኛ፣ ሰዓት ቁረጡ። የምትደዋወሉበት ጊዜ የታወቀ ይሁን። አጭር ቢሆንም አይታጠፍ።

ሁለተኛ፣ ትንንሹን ነገር ተነጋገሩ። «ዛሬ ምን በላህ? ማን አጠገብ ተቀመጥክ? ምን አሳቀሽ? ልጃችን ምን አለ?» ትዳር የሚኖረው በውሎ ነው። ውሏችሁን ካልተካፈላችሁ በምትገናኙበት ቀን እንግዳ ትሆናላችሁ።

ሦስተኛ፣ ስልኩ የምርመራ ክፍል አይሁን። ተማሪው ግን ከመጀመሪያው ቀን ባለ ትዳር መሆኑን ለክፍል ጓደኞቹ ይናገር፤ ቀለበቱን ከጣቱ አያውልቅ። ብቸኝነት ደካማ ጎን ይፈልጋልና ፈተናው እውነተኛ ነው። ሁለታችሁም የምታምኑት አንድ ሽማግሌ ወይም መጋቢ በግልጽ የሚጠይቃችሁ ይሁን።

አራተኛ፣ አብራችሁ አንድ ምዕራፍ አንብቡ፣ ጸልዩም። በሁለት ከተማ አንድ መሠዊያ ይኑራችሁ።

ቤተ ክርስቲያንስ?

ጳውሎስ የተሰሎንቄ ምእመናን ናፍቆት ቢበረታበት ዝም አላለም፤ እምነታቸው እንዴት እንደሆነ እንዲያውቅ ጢሞቴዎስን ላከ (1ኛ ተሰ. 3)። እኛም የላክነውን ሰው እንጠይቅ። በተለይ ሦስት ቀኖችን አትርሱ። እንቁጣጣሽ የትምህርቱ መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ ገና ማንንም አያውቅም። በዲሴምበር 25 ፈረንሳዮቹ ወደ ወላጆቻቸው ሄደው መኖሪያው ባዶ ይሆናል። የእኛ ገና በጃንዋሪ 7 ሲውል ደግሞ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የፈተና ሰሞን ነው። በእነዚህ ቀኖች ከሕዋስ ቡድናችሁ አንድ ሰው ይደውል። እዚህ የቀሩትን ሚስትና ልጆችም በዚያው ቀን ለምሳ ጥሩ። ለሄደው መጸለይ የቀረችውን ከመጠየቅ አይለይም።

ዛሬ ማታ ስልኩን አንሡ። «ደህና ነኝ» ካለ «ጌታ ይመስገን» በሉና ቀጥሉ፦ «ለመሆኑ እንዴት ዋልክ? ከጠዋት ጀምረህ ንገረኝ።»

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ፤ በሩቅ ያሉትንም ይጠብቅ።