ከሐረር ጅቦች ወንዱ የቱ ነው?

ሲመሽ ከጀጎል ግንብ ውጭ ጅብ ሲበላ ለማየት የተሰበሰበ እንግዳ ብዙ ጊዜ አንዱን ለይቶ ያሳያል፤ ግዙፉን፣ ሌሎቹን ገፍቶ ከፊት የሚቆመውን። «አውራው ይሄ ነው» ይላል። አውራ የተባለው ግን ብዙውን ጊዜ ሴት ነው። ከዳር ቆሞ፣ ጆሮውን አጥፎ ተራው እስኪደርስ የሚጠብቀው ደግሞ ከሌላ መንጋ የመጣ ወንድ ሊሆን ይችላል።

የሐረሩ ጅብ ዥንጉርጉር ጅብ ነው፤ በዚህ ዘር ገዥዋ ሴቷ ናት። በአማካይ ከወንዱ አሥር በመቶ ያህል ትከብዳለች፤ ማዕረጓንም ከእናቷ ትወርሳለች። ሰውን ከጥንት ጀምሮ ያሳሳተው ግን ሌላ ነገር ነው። የሴቷ ቂንጥር ረዝሞ የወንድ ብልት ይመስላል፤ የብልቷ ከንፈሮችም ተጋጥመው የቆለጥ ከረጢት መስለዋል። የምትሸናው፣ የምትጠቃውና የምትወልደው በዚያው በኩል ነው። በመጀመሪያ ወሊዷ ብዙ ግልገሎች በዚህ ጠባብ መንገድ ታፍነው ይሞታሉ። ጅብ ወንድም ሴትም ነው የሚለው ወሬ ከዚህ የመነጨ ሳይሆን አይቀርም፤ አርስቶትል እንኳ በዘመኑ ወሬውን ሐሰት ነው ብሎ ለመሞገት ተገዷል። ዛሬ በዱር የሚያጠኗቸው ሰዎች የብልቱን ጫፍ አይተው ይለያሉ፤ የወንዱ ሾጠጥ ያለ ነው፣ የሴቷ ደልደል ያለ። የወለደች ከሆነች ጡቷ ይናገራል። እንደ ዩሱፍ ሙሜ ሳላህና እንደ ልጃቸው አባስ ያሉ፣ ጅቦችን በየስማቸው እየጠሩ ያበሉ ሰዎች ደግሞ በየምሽቱ ከማየት ብዛት እያንዳንዱን ለይተው ያውቁታል።

ወንድና ሴት መለየት ለምን ይጠቅማል? በቤት ውስጥ እንስሳ ለሚያሳድግ ሰው ትልቅ ጉዳይ ነው። አክሶሎትል የሚባለውን፣ መገኛው የሜክሲኮ ሶቺሚልኮ ሐይቅ የሆነውን የውሃ እንስሳ በአኳሪየም የሚያኖሩ ሰዎች ለአካለ መጠን ሲደርስ ከጅራቱ ሥር ይመለከታሉ። እዚያ ጎላ ብሎ ያበጠ ከሆነ ወንድ ነው፤ ወዲያው ከሴቷ ተለይቶ ሌላ ገንዳ ይገባል። ካልተለየ ሴቷ በአንድ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፤ ወንድምና እህት ቢሆኑም ይራባሉ። የመለየቱ ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ የአሳዳጊው ነው።

ጅብ ግን አሳዳጊ የለውም፤ የሚለየው ራሱ ነው። ወንዱ ሁለት ዓመት ካለፈው በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የተወለደበትን መንጋ ትቶ ይሄዳል፤ በደረሰበትም ከሁሉም በታች ሆኖ ይጀምራል። ለረጅም ጊዜ ወንዶች ተባረው የሚሄዱ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ፣ በታንዛንያው ንጎሮንጎሮ የተካሄደ ጥናት ግን ምክንያቱ የሴቷ ምርጫ መሆኑን አሳየ። ወጣቷ ሴት የምትመርጠው እሷ ከተወለደች በኋላ በመንጋው የተወለደን ወይም ወደ መንጋው የገባን ወንድ ነው። አባቷ ማን እንደሆነ ማወቅ አያስፈልጋትም፤ እሷ ስትወለድ በመንጋው የነበረውን ሁሉ ስትተው አባቷም አብሮ ይቀራል። ወንዱም ዕድል ያለው ወጣት ሴቶች በሚበዙበት መንጋ ነውና ወደዚያ ይሰደዳል። በኃይል ልጠቃት ቢል አይችልም፤ የአካሏ አሠራር ያለ ፈቃዷ አይፈቅድለትም። ከጅብ ጠባይ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ አንዲት ቀላል ደንብ አባትና ልጅን ለያይታ መንጋውን ታድሳለች።

ይህ ደንብ መንጋውን የሚያድሰው ግን የሚሰደደው ወንድ መንገድ ካለው ብቻ ነው። በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው የጀጎል ግንብ ለጅቦች ማለፊያ ቀዳዳዎች አሉት፤ ሐረሪዎች ዋራባ ኑዱል ይሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ሐረር ጅቦች መጽሐፍ ያሳተመው አውስትራሊያዊው ማርከስ ቤይንስ ሮክ ተከታትሎ እንዳየው፣ ጅቦቹ ሌሊት በጠባቦቹ መተላለፊያዎች ገብተው ይወጣሉ። የከተማው ሰው መንገድ ሰጥቷቸው ኖሯል።

አሁን ከተማዋ ከግንቡ ውጭ እየሰፋች ነው። አጥር ሲታጠር፣ ሸለቆ ሲደፈን፣ አዲስ መንገድ ሲወጣ ለጅብ የሚቀረው ማለፊያ ይጠባል። በአቦከርም ሆነ በሌሎቹ ወረዳዎች የግንባታ ቦታ የምትመሩና አጥር የምታጥሩ ሁሉ፣ ከጋራው ወደ ጀጎል የሚወርዱትን ሸለቆዎችና የግንቡን ቀዳዳዎች አትዝጉ። አዲስ ወንድ ከውጭ ካልገባ የሴቷ ምርጫ ይጠባል።