ስለ ኮሶና ስለ እፍኙ መጠን

በጉና ተራራ ሥር፥ በእስቴና በላይ ጋይንት ደጋ የተጓዘ ሰው፥ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢም ሆነ በገበሬ ጓሮ፥ ቀላ ያለ ረጅም የአበባ ዘለላ ያንጠለጠለ ዛፍ ያያል። ይህ ዛፍ ኮሶ ነው። አባቶቻችን ዛፉንም፥ ከሆድ የሚያስወጣውንም ትል በአንድ ስም ኮሶ ብለው ጠሩት። ሕመሙና መድኃኒቱ ምን ያህል ተያይዘው እንደ ኖሩ ስሙ ራሱ ይመሰክራል።

በዚህ ጽሑፋችን ስለ ኮሶና በየጓሮአችን ስለሚገኙት ስለ ሌሎቹ መድኃኒቶች ጥቂት ልንናገር ወደድን። ምክንያታችንም ይህ ነው፤ ዕፀዋቱ እስከ ዛሬ በእጃችን አሉ፥ የአወሳሰዳቸው መጠን ግን ከሚያውቁት ሽማግሎችና አሮጊቶች ጋር ወደ መቃብር እየወረደ ነው።

አስቀድመን ስለ ትሉ እንናገር። ከብት በሰው ዓይነ ምድር የተበከለ ሣር ሲግጥ የትሉን እንቁላል ይውጣል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለውም ወደ ከብቱ ሥጋ ገብቶ ትንሽ ከረጢት ሠርቶ ይቀመጣል። ሰው ያንን ሥጋ በጥሬው ወይም ለብ ለብ አድርጎ ሲበላ፥ ትሉ በአንጀቱ ላይ ራሱን አጣብቆ ብዙ ሜትር እስኪረዝም ያድጋል። ክፍልፋዩ በየጊዜው እየተቆረጠ ይወጣል፤ ራሱ ካልወጣ ግን እንደ ገና ያድጋል። ጥሬ ሥጋ በበዓል ገበታ ላይ የክብር ስፍራ ባለው አገራችን ኮሶ መጠጣት የታወቀ ልማድ የሆነው ስለዚህ ነው። ብዙ ሰው በየሁለት ወሩ ይጠጣ እንደ ነበር የጥንት ተጓዦች ጽፈዋል። ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያ ቀን እንግዳ ባይቀበል ማንም አይቀየመውም ነበር።

ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቴው ዛፍ አበባ ነው። ዘለላው ደርቆ ይወቀጥና በውኃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፤ ሕመምተኛውም ጦሙን አድሮ ማለዳ በባዶ ሆዱ ይጨልጠዋል። ምሬቱን የቀመሰ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም። መጠኑ ስንት ነው ብለን የጠየቅን እንደ ሆነ፥ መልሱ «አንድ እፍኝ» ነው። ነገር ግን የማን እፍኝ? የአንዲት ደቃቃ አሮጊት እፍኝና ሞፈር የጨበጠ የጎልማሳ እፍኝ እኩል አይደሉም። ደግሞም ዘንድሮ የተለቀመው አበባ ኃይለኛ ነው፤ ከርሞ የቆየው ግን ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ያለፈው ዓመት አንድ እፍኝ ምንም ሳያደርግ ቀርቶ ይሆናል፤ የዘንድሮው ያው እፍኝ ሰውን ይጥላል። የድሮዎቹ እናቶች ይህን ሁሉ አይተውና አሽትተው፥ የጠጪውንም አቅም መዝነው ነበር የሚሰጡት። እፍኝ የሚለው ቃል ለእኛ ሲደርስ ይህ ሁሉ ማስተዋል ከቃሉ ጋር አልመጣም።

እኛ በጋይንት በአንዲት ደብር ድጓ እንማር በነበረ ጊዜ የሆነውን እንንገራችሁ። ከመካከላችን አንድ ጠና ያለ ተማሪ ትሉ ቢያስቸግረው ከጎረቤት ኮሶ ለምኖ አመጣ። የሰጡት እናት «አንድ እፍኝ ይበቃሃል ልጄ» ብለውት ነበር። እርሱ ግን አንድ እፍኝ የሚፈውስ ከሆነ ሁለት እፍኝ ፈጥኖ ይፈውሳል በማለት እጥፍ አድርጎ ጠጣ። ቀኑን ሙሉ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ዋለ፤ ወደ ማታም «የኔታ፥ ዓይኔ ጨለመብኝ» አለ። መምህራችንም ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ እንድንወስደው አዘዙን፤ በቃሬዛ ተሸክመን ሌሊቱን ስንጓዝ አደርን። ነፍሱ ተረፈች፤ ዓይኑ እንደ ቀድሞው እስኪያይ ግን ብዙ ቀን ፈጀ። ሲጠጣ ሁላችንም ዙሪያውን ቆመን እየሳቅን ነበር፤ አንዳችንም እጁን አልያዝነውም። ኮሶ ከመጠን ሲያልፍ የዓይንን ብርሃን እንደሚጎዳ በኋላ ነው የተማርነው።

ይህ መድኃኒት በውጭ አገርም የታወቀ ነበር። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1769 እስከ 1771 በአገራችን የተቀመጠው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ ዛፉ ጽፎአል። ከዚያም ብራዬር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በቁስጥንጥንያ ከተማ ኃይሉን ተመልክቶ ወሬውን ወደ አውሮጳ አደረሰ፤ በ19ኛው ምዕተ ዓመትም ኮሶ በአውሮጳ የመድኃኒት መደብር ይሸጥ ጀመር። እነርሱ አበባውን የሰጡት በሚዛን እየመዘኑ ነው፤ ያም ሆኖ የተሻለ መድኃኒት ባገኙ ጊዜ ተዉት። (በአገራችንስ ኮሶ መሸጥ እንደ ውርደት ተቆጥሮ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ተብለው ተሰድበው ነበር ይባላል። የሰደባቸውንም መኰንን በማረኩት ጊዜ ኮሶ አጠጡት ብለው ሽማግሎች ያወራሉ።)

ስለ እንዶድም ሳንናገር አናልፍም። የቆሎ ተማሪ ሁሉ ነጠላውን በእንዶድ አጥቦ ያውቃል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ፤ ከዚያም የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንዶድ እንደሚገድል ገለጡ። በ1989ም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በስዊድን አገር ተሸለሙበት። ይኸው ለዓለም የተረፈ ዕፅ ግን በሆድ ሲገባ መርዝ ነው፤ ፅንስ ለማስወረድ ብለው ጠጥተው የሞቱ ሴቶች አሉ። ይህን የምንጽፈው በየቤቱ በሹክሹክታ ስለሚነገር ነው፤ በሹክሹክታ የተነገረ ነገር ደግሞ መጠን የለውም።

የጓሮአችን መድኃኒት ሁሉ ግን አስፈሪ ነው ማለታችን አይደለም። ለምች ዳማ ከሴን አሽቶ መጠጣት፥ ለጉንፋን ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ከማር ጋር መውሰድ፥ ቡና ላይ የጤና አዳም ቅጠል ጣል ማድረግ የእናቶቻችን መልካም ልማድ ነው። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምንና ከምድር የሚገኘውን መድኃኒት አብሮ ያከብራል፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሡ ለሕዝቅያስ ቁስል የበለስ ጥፍጥፍ ማዘዙን የማያውቅ ምእመን የለም። ሆኖም ሁለት ነገር ልብ በሉ። ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር ሴት በብዛት አይሰጥም፤ ማርም ዓመት ላልሞላው ሕፃን ከቶ አይላስም፥ አንዳንድ ጊዜ የሕፃኑን ጅማት የሚያዝል ብርቱ መርዝ በአንጀቱ ውስጥ ሊያስነሣ ይችላልና።

ስለ ኮሶ የምንሰጠው ምክር ግን ቁርጥ ያለ ነው። ነፍሰ ጡርና ሕፃን፥ አቅመ ደካማም፥ ከቶ አይጠጡት። ለዚህ ትል በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል በሕመምተኛው ክብደት ልክ የሚሰፈር ስለ ሆነ፥ የእፍኝ ክርክር የለበትም። ሥጋውን አብስሎ የበላ፥ መጸዳጃውንም ከከብት መሰማሪያ አርቆ የቆፈረ ቤተ ሰብ ከመጀመሪያው ትሉን አይጋብዝም፤ የጥሬ ሥጋ ወዳጆች በዚህ እንደማይደሰቱብን እናውቃለን።

አስቀድሞ የአገር መድኃኒት ጠጥቶ የታመመ ሰው ቢኖራችሁ፥ ወደ ጤና ጣቢያ ስታደርሱት በእፍረት አትደብቁ። ምን እንደ ጠጣ፥ ስንት እፍኝ እንደ ሆነና በስንት ሰዓት እንደ ጠጣው ለባለሙያው ንገሩ፤ ከተቻለም ከተረፈው ጥቂቱን በነጠላ ጫፍ ቋጥራችሁ ይዛችሁ ሂዱ።