ብርሃንን ለመለካት ጨለማን መለካት

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ካምባ ሳለን አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አፋጠጠን። ከተበላሸ መብራት የነቀልናትን ትንሽ ሶላር ከቴስተር ጋር አያይዘን፣ ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ሲለወጥ እያሳየን ነበር። ሶላሯን በጋቢ ሸፍነን «ይኸው ጨለመ» ስንል ቴስተሩ ግን ቁጥር አሳየ። «መምህር፣ ብርሃን ከሌለ ይኼ ከየት መጣ?» አለን። «ቴስተሩ አርጅቷል» ብለን አለፍነው። ተማሪዎች ከወጡ በኋላ ጋቢውን አራት አጥፈን ብንሞክር ቁጥሩ ወደ ዜሮ ወረደ። ለካ ብርሃኑ በሽመናው መካከል እየሾለከ ኖሯል!

የልጁ ጥያቄ የታላላቅ ተመራማሪዎችም ጥያቄ ነው። በጃፓን አገር፣ ካሚዮካ በተባለ ስፍራ፣ ከተራራ ሥር 1,000 ሜትር ጥልቀት ላይ 50,000 ቶን ውሃ የያዘ ጋን አለ። ሱፐር ካሚዮካንዴ ይባላል፤ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ኒውትሪኖ የተባለው ደቃቅ ቅንጣት አልፎ አልፎ ከውሃው ጋር ሲጋጭ፣ ከግጭቱ የሚወጡት ቅንጣቶች እጅግ ደካማ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣሉ። ይህን የሚያዩት በጋኑ ግድግዳ የተደረደሩ ከ11,000 በላይ አምፖል መሳይ ዓይኖች ናቸው። ስማቸው ፎቶመልቲፕላየር ሲሆን የአንዱ ስፋት 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብርሃን የአምፖሉን የውስጥ ቅብ ሲመታ አንድ ኤሌክትሮን ይነቀላል። እሱም በከፍተኛ ቮልቴጅ ተስቦ የብረት ሰሌዳ ሲመታ ሌሎችን ያስወጣል፤ እነሱም ቀጣዩን ሰሌዳ ይመታሉ። በመጨረሻ አንዱ አሥር ሚሊዮን ያህል ይሆናል።

ታዲያ እንዴት ይፈተናል? በመጀመሪያ ድፍን ጨለማ በሆነ ሣጥን ውስጥ ገብቶ፣ ምንም ብርሃን ሳይሰጠው ምልክቱ ይቆጠራል። ያኔም ቢሆን ዝም አይልም! በሙቀት ብቻ ኤሌክትሮኖች እየተነቀሉ በሰከንድ በሺህ የሚቆጠር ምልክት ሊሰጥ ይችላል። ይህ የጨለማ ቆጠራ ይመዘገባል። ቀጥሎ እጅግ የደከመ ብርሃን ብልጭ እየተደረገለት መልሱ ይለካል። ከጨለማው ቆጠራ በላይ የሆነው ትርፍ ብቻ የብርሃኑ ነው። ሣጥኑ ካሾለከ ግን ፈተናው ከንቱ ነው፤ ቮልቴጁ እንደበራ የቀን ብርሃን ቢያገኘው ደግሞ ዓይኑ ራሱ ይበላሻል።

በነዚህ ዓይኖች አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1998 ኒውትሪኖ ክብደት እንዳለው የሚያሳይ ማስረጃ ተገኘ። ለዚህም ታካኪ ካጂታ እ.ኤ.አ. በ2015 ከአርተር ማክዶናልድ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

እኛም በማግስቱ ክፍል ገብተን «ትናንት ተሳስተናል» አልን። ጋቢውን ያጠፈው ጠያቂው ልጅ ራሱ ነበር። ዕጩ መምህራን ጓደኞቻችን፣ መሣሪያ ይዛችሁ ከመግባታችሁ በፊት ብርሃን በሌለበት ምን እንደሚል እዩት። ተማሪ ሲጠይቃችሁም በቴስተሩ አታሳቡ።