ልጃችሁ «ታራንቱላ ላርባ» ሲል፦ ወላጆች ከመፍቀዳቸው በፊት ማወቅ የሚገባቸው



ልጆቻችን በትምህርት ቤት ባለው የእንስሳት ማዕዘን (ፒናት ሃይ)፣ በጓደኛ ቤት ወይም በኢንተርኔት ልዩ ልዩ እንስሳት ያያሉ። ከዚያም ቤት ገብተው «እማዬ፣ ታራንቱላ ግዢልኝ» ይላሉ። ታራንቱላ ትልቅና ፀጉራም ሸረሪት ናት። እኛ አገር ቤት ሸረሪትን ከጣሪያ ላይ በመጥረጊያ ስናወርድ ስላደግን፣ ጥያቄው ግራ ቢያጋባን አይገርምም። አንዱ ወላጅ ደንግጦ ይቆጣል። ሌላው ልጁ በዕብራይስጥ ያነበበውን አምኖ ይፈቅዳል። ሁለቱም ግን ነገሩን ሳያውቁ ወስነዋል።

እንስሳዋን የሚጠይቀው ልጁ ቢሆንም፣ ኃላፊነቱ የሚወድቀው በወላጅ ላይ ነው። ስለዚህ እሺ ወይም እምቢ ከማለት በፊት የሚከተለውን ማወቅ ይጠቅማል።

ታራንቱላ ምንድን ናት?

ስሙ የመጣው ታራንቶ ከምትባል የጣሊያን ከተማ ነው። ዛሬ በዚህ ስም የሚጠሩት በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ፣ በአፍሪካ፣ በእስያና በሌሎች ሞቃት አገሮች የሚኖሩ ትልልቅ ሸረሪቶች ናቸው። ዓይነታቸው ከ1,000 ይበልጣል። በእስራኤልም ከድንጋይ ሥር የምትኖር ጥቁር ታራንቱላ አለች።

ልጆች ግን ሁሉንም ሸረሪት አንድ አድርገው ያያሉ። በአገሩ ውስጥ ጥቁር አልማና የምትባለው ሸረሪትና ቢጫው ጊንጥ አሉ፤ የእነዚህ መርዝ ከባድ ነው። ስለዚህ ልጆች ከሜዳ፣ ከግንባታ ቦታ ወይም ከሀደራ የባሕር ዛፍ ጫካ ምንም ዓይነት ሸረሪት ይዘው እንዳይመጡ ንገሯቸው።

ትገድላለች ወይ?

በታራንቱላ መርዝ ሰው መሞቱን የሚያረጋግጥ ማስረጃ የለም። የብዙዎቹ ንክሻ እንደ ንብ ንድፊያ የሚቆጠር ነው። ከአፍሪካና ከእስያ የሚመጡት ግን ይበረታሉ። በተለይ በህንድና በስሪ ላንካ ዛፍ ላይ የሚኖሩት ሲነክሱ ለቀናት የሚቆይ የጡንቻ መኮማተር ሊያመጡ ይችላሉ። እነዚህ ለጀማሪም ሆነ ልጆች ላሉበት ቤት አይሆኑም።

ትልቁ አደጋ ዓይን ላይ ነው

ከአሜሪካ የሚመጡት አብዛኞቹ ታራንቱላዎች ሆዳቸው ላይ እንደ ሳማ የሚለበልብ ደቃቅ ፀጉር አላቸው። ሲፈሩ በኋላ እግራቸው ፈግፍገው ወደ አየር ይበትኑታል። ቆዳ ላይ ሲያርፍ ያሳክካል፣ ያቀላል። ሲተነፍሱት ያስላል፤ አስም ላለበት ሰው ደግሞ ይብሳል። ዓይን ውስጥ ከገባ ጫፉ እንደ መንጠቆ ስለሆነ እየጠለቀ ይሄዳል።

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ስለ አንድ የእንግሊዝ አገር ሰው ጽፎ ነበር። ሰውየው ዓይኑ ቀልቶ፣ እያለቀሰና ብርሃን መቋቋም አቅቶት ለሳምንታት ቆየ። የታዘዘለት መድኃኒትም አልረዳውም። በኋላ የሊድስ ከተማ ሐኪሞች በማጉያ መሣሪያ ሲመለከቱ፣ ዓይኑ ውስጥ ደቃቅ ፀጉሮች ተሰክተው አገኙ። የታራንቱላውን የመስታወት ሣጥን ሲያጸዳ ፊቱ ላይ እንደተበተነበት ያስታወሰው ያን ጊዜ ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ ሐኪሙ በትክክል እንዲረዳን «ቤት ውስጥ ታራንቱላ አለ» ብለን መናገር እንዳለብን ነው። ልጅ ቁጣ ፈርቶ ሊደብቅ ይችላል። አስቀድማችሁ «ምንም ቢደርስ ንገረኝ፣ አልቆጣህም» በሉት። ልጁ ለራሱ አስተርጓሚ እንዳይሆንም፣ በኩፓት ሖሊም አማርኛ የሚናገር ሰው ጠይቁ።

ጉዳት ቢደርስ ምን እናድርግ?

1. ዓይን ከሆነ፦ አትሹት። ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ እጠቡ። ከዚያ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ የዓይን ሐኪም በማጉያ ሊያየው ይገባል። ከሌላ ጊዜ የተረፈ ጠብታ ወይም የባህል መድኃኒት አትጨምሩ።

2. ቆዳ ከሆነ፦ ሳታኩ የሚለጠፍ ፕላስተር እየለጠፋችሁ በማንሣት ፀጉሩን አውጡ። ከዚያም በውኃና በሳሙና እጠቡ፣ በቀዝቃዛ ጨርቅ አብርዱ።

3. ንክሻ ከሆነ፦ በሳሙና እጠቡና ቀዝቃዛ ነገር ያዙበት። አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ አትተኩሱ፣ በገመድም አትሰሩ። የቴታነስ ክትባት ያስፈልግ እንደሆነ ነርሷን ጠይቁ።

4. ትንፋሽ ቢያጥር፣ ከንፈር ወይም ፊት ቢያብጥ፣ ቢያዞር፦ ሳትዘገዩ ወደ ማዳ በ101 ደውሉ። ለምክር በሀይፋ ራምባም ሆስፒታል ያለው የመርዝ መረጃ ማዕከል በ04-7771900 ቀንም ሌሊትም ይመልሳል።

ለእንስሳዋ ያለብን ኃላፊነት

ታራንቱላ አሻንጉሊት አይደለችም። እቅፍም አትወድም። ከእጅ ብትወድቅ ሆዷ ፈንድቶ ልትሞት ስለምትችል፣ የሚሻለው ሳይነኩ ማየት ነው። እንዲህ ትጠበቃለች፦

- ክዳኑ የሚቆለፍ፣ አየር የሚገባው ሣጥን፣ የምትቆፍረው አፈርና ጥልቀት የሌለው የውኃ ሳሕን ያስፈልጋታል። በሀደራ የበጋ ሙቀት ሣጥኑ ፀሐይ በሚመታው በረንዳ ላይ ከዋለ ትሞታለች።

- ምግቧ ፌንጣ መሰል ነፍሳት ናቸው። ያልበላችውን በማግስቱ አውጡ። ሣጥኑን የሚያጸዳ ሰው ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርግ፣ በረጅም ወረንጦ ይጠቀም፣ ፊቱን አያስጠጋ። በመጨረሻም እጁን በሳሙና ይታጠብ።

- ለበረሮ የሚረጨው መድኃኒት እሷንም ይገድላል። ቤት የሚረጭ ከሆነ አስቀድማችሁ ሣጥኑን ከቤት አውጡ። ለፋሲካ ቤት ሲጸዳም የነፍሳቱ ምግብ ብዙ ጊዜ አጃ ወይም የስንዴ ፉርሽካ መሆኑን አስታውሱ፤ ይህም ሐሜጽ ነው።

- ስታድግ ቆዳዋን ትለውጣለች። ከዚያ በፊት ለሳምንታት ላትበላ ትችላለች፤ ከዚያም በጀርባዋ ትተኛለች። ሞታለች ብላችሁ አትጣሏት፣ አትንኳትም። በተለይ ቤት የሚውሉ አያቶች ይህን ይወቁ።

ከመግዛት በፊት ራሳችሁን ጠይቁ

የአንዳንዶቹ ሴቶች ዕድሜ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ነው። ዛሬ የ10 ዓመት ልጅ የሆነው በ18 ዓመቱ ወደ ሠራዊት ሲገባ ማን ይመግባታል? ቤት ውስጥ ሕፃን ወይም አስም ያለበት ሰው አለ? ሐኪሟስ ማን ነው? ሁሉም የእንስሳት ሐኪም ሸረሪት አያክምም።

ሕጉንም አጣሩ። ለምሳሌ ቀይ ጉልበት ያላት የሜክሲኮ ታራንቱላ ንግድ ከ1985 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል። ሻጩን ከየት እንደመጣችና ምን ዓይነት እንደሆነች በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። መፈቀዱንም ከእስራኤል የተፈጥሮና የፓርኮች ባለሥልጣን በ*3639 ደውላችሁ ተረዱ። ልጁ ቢሰለችም በሀደራ ወንዝ ዳር ወይም በጫካው ውስጥ አትልቀቋት። ወይ እሷ ትሞታለች፣ ወይ የአካባቢውን ፍጥረት ትጎዳለች። መመለስ ወይም ለሚያውቅበት ሰው መስጠት ይሻላል።

ከአባቶች መካከል «ይህ ርኩስ ነው፣ ቤት አይግባ» የሚሉ ካሉ፣ ጉዳዩን ለቄስ ወይም ለራቢ አቅርቡት። የቤቱ ሽማግሌ ሳይሰማ የገባ እንስሳ በቤት ውስጥ ጠብ ያመጣል።

እነዚህን ጥያቄዎች ከልጃችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ተወያዩ። መልሱ እምቢ ከሆነ ምክንያቱን ንገሩት፤ በእንስሳት ማዕዘን ሄዶ ከመስታወት ጀርባ ማየት ይችላል። መልሱ እሺ ከሆነ ደግሞ ቁልፉ በወላጅ እጅ ይሁን።