መኪናን በራስ እጅ መቀባትና የቀለሙ ኬሚስትሪ

መኪናውን ራሱ ለመቀባት የተነሣ ጀማሪ የሚጨነቀው ስለ ቀለሙ መልክ ነው። ይሁን እንጂ ሥራው በአመዛኙ የሚበላሸው ገና ቀለሙ ሳይረጭ ነው። ቀለም ልሙጥና ቅባት የነካው ላሜራ ላይ አይጣበቅም፤ ስለዚህ ገጹ በመጀመሪያ ከቅባት ይጸዳል፣ ቀጥሎም እንዲሻክር በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ወረቀቱ ቅባቱን ወደ ጭረቶቹ ያስገባዋል። ዝገትም በቀለም ስለተሸፈነ አይቆምም፤ እርጥበትና ኦክስጅን እየሰረጉ ብረቱን ይበሉታል፣ ቀለሙም አብጦ ይላጣል።

በመርጨት ጊዜ ዋናው ጉዳይ የቲነሩ ትነት ነው። መርጫው ከሩቅ ከተያዘ ጠብታዎቹ አየር ላይ ሳሉ ይደርቁና ገጹ ይሻክራል፤ እጅግ ከቀረበ ቀለሙ ይንጠባጠባል። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ለብዙዎቹ መርጫዎች ይስማማል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በዓይን አይታይም። ሃርድነር የሚደባለቅበት ቀለም የሚጠነክረው በትነት ብቻ ሳይሆን፣ በሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶስያኔት ከሙጫው ሃይድሮክሲል ጋር ተዋህዶ ፖሊዩሬቴን ስለሚሠራ ነው። ይኸው አይሶስያኔት ከጉሙ ጋር ሲተነፈስ አስም ሊያመጣ ይችላል፤ ሰውነት አንድ ጊዜ ከተቆጣ ወዲያ ኢምንት መጠን እንኳ ሕመሙን ይቀሰቅሰዋል። ሽታው ደካማ በመሆኑ አፍንጫ አያስጠነቅቅም፤ የጨርቅ ጭንብልም (ብዙዎች የሚተማመኑበት ቢሆንም) አያግደውም። ለዚህ ሥራ የሚመከረው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያደርስ ጭንብል ነው። ይህ የሌለው ጀማሪ ዝግጅቱን ራሱ ሠርቶ፣ ሃርድነር ያለበትን ርጭት ለጋራዥ ቢተው ይሻለዋል።